ውሃው ያላየው እህል

የአገሩን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ "እዚያማ ዘመድ አለኝ" ትላላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ሁሉ የዘመድ ሐሜት ይሆንብኛል። ሐይቅ ያለበት አገር ነው በሉና ተዉት። ሐይቁ ግን የዋዛ አይደለም። ጠዋት ጉሙ ሳይነሣ ዳር ላይ የቆመ ሰው መልኩ ውሃው ላይ ያርፋል፤ ይህ እንኳ የማንኛውም ሐይቅ ወግ ነው። እዚያ ግን ሰውየው ዞሮ ወደ ቤቱ ሲሄድ መልኩ አብሮት አይሄድም። እዚያው ይቀርና እንደ ቅጠል ቀስ እያለ፣ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ማዶ ይንሳፈፋል። ማዶ ያሉት ቁጭ ብለው ያዩታል። የነሱም መልክ ወደ እኛ ይመጣል። የወደዱት እንደሆነ አበባ ይጥሉለታል፤ አበባው እየተንሳፈፈ የመልኩ ባለቤት ካለበት ዳር ሲደርስ ሰውየው ለቅሞ ጉያው ይከተዋል። ቤቱ ሳይደርስ ይጠወልጋል። በማግስቱ ሌላ ሊለቅም ይወርዳል።

ድሮ ሰው ወደዚያ ውሃ የሚወርደው እንስራ ይዞ ነበር ይላሉ። እኔ አልደረስኩበትም።

መጀመሪያ ሰው ፊቱን ነበር የሚያሳየው። ቀጥሎ ልብሱን አሳየ። ፊትም ልብስም ሲሰለች ጊዜ ወገብ መጣ። ቀጭን ወገብና የጠነከረ ክንድ ያለው ሰው ብዙ አበባ እንደሚጣልለት ሲታወቅ፣ ቤተ መንግሥቱ ይህን የመሰለ ነገር ሹም ሳይሾምበት እንዴት ይቀራል ብሎ ሊቀ ወገብ የሚባል ማዕረግ አወጣ። እኔ በዕድሜዬ ስንት ዓይነት ሊቅ አይቻለሁ፤ በወገብ የሊቀ ሰው ግን ከእኛ አገር ሌላ ያለ አይመስለኝም። የተሾመው ሰው ዘገየ ይባላል። ይህ ዘገየ ለያንዳንዱ ሰው የናስ ዘለበት ያለው የቆዳ ቀበቶ በልኩ አስቆርጦ ሰጠ። ቀበቶው ከታሰረ እስከ መፍቻ ቀን አይላላም፤ ተኝተህም አይላላም። እስከዚያ የሚበላው የተቀቀለ ጎመንና የእንቁላል ነጩ ብቻ ነው። አስኳሉን ምን አደረጋችሁት ብትሉ፣ ለድመት ነዋ። የእኛን አገር ድመት ብታዩት ወይፈን ያህላል።

ጾም ነው ብላችሁ ደግሞ እንዳትሳሳቱ። ጾም ለእግዜር ነው፤ ጿሚም ፊቱን ታጥቦ፣ ራሱን ደብቆ ነው የሚጾመው። ይሄኛው ለውሃ ነው።

መፍቻ የሚባለው ቀበቶው የሚፈታበት ቀን ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመጣል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በመፍቻ ቀን መብላት ግዴታ እንጂ ፈቃድ አይደለም። ጠዋት አገሩ በሙሉ ሐይቁን በሩጫ ይዞራል። ሯጩ ሲመለስ የላብ ዳኛ የሚሉት ሹም በነጭ ጨርቅ ጀርባውን ይጠርግና ጨርቁን በጣባ ላይ ይጨምቀዋል። ከዚያ ጣባውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያያል፤ አንዳንዴም ጫፉን በምላሱ ይቀምሳል፤ ውሃ ተረጭተው የሚመጡ አጭበርባሪዎች ስላሉ። ጣባው በሞላው ልክ ለሯጩ ማዕድ ይቆለልለታል። "ላብህን አሳይ፣ ድርሻህን ውሰድ" ይላል አዋጁ። የተቆለለለትን ካልጨረሰ ላቡን እንደናቀ ተቆጥሮ ይዋረዳል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ መብላት የሚወድ ይሮጣል። የሮጠ ይቆለልለታል፤ የተቆለለለትን ይጨርሳል። የጨረሰ ደግሞ በማግስቱ "ምነው ባልበላሁ" ብሎ ተጸጽቶ ይሮጣል፤ የጸጸቱም ሩጫ ለሚመጣው መፍቻ ይታሰብለታል። እንዲህ እንደ አውድማ በሬ ስንዞር ኖርን።

ክምሩስ ምን ዓይነት ክምር መሰላችሁ። ክትፎው በገበቴ ነው። ገንፎው መሐሉ ጎድጉዶ ቅቤው እንደ ኩሬ ተኝቶበታል። ጨጨብሳው ላይ ማር ይፈስበታል፣ በማሩ ላይ ጮርናቄ ይደረደርበታል፣ በጮርናቄው ላይ ደግሞ የበግ ጎድን ይቆምበታል። ማን ከማን ጋር ይሄዳል የሚል የለም። የሚበላውም ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ፣ ቀስ ብሎ፣ ቅባቱ አገጩ ላይ ሲወርድ እንዲታይ አድርጎ ነው። ማዶ ያሉትን ያሳበዳቸው ቀጭኑ ወገብ ብቻ አልነበረም፤ ቀጭን ወገብ ያን ሁሉ ሲውጥ ማየት ነው ያሳበዳቸው። ቦርጫም ሲበላማ ማን አበባ ይጥላል።

ሕጉ ደግሞ አንድ ነው፤ ሕፃን ሳይቀር በቃሉ ያውቀዋል፤ ውሃው ያየው ተበልቷል፣ ውሃው ያላየው አልተበላም። ይህ ሕግ ከወጣ በኋላ አገሩ ሁለት ዓይነት ሆዳም ሆነ። በመፍቻ ቀን ዳር ላይ ይሰለቅጣል፤ በቀበቶው ቀን ደግሞ ጓዳ ገብቶ፣ ከበሩ ኋላ ቆሞ፣ እጁን ማሰሮ ውስጥ ከቶ፣ ሳያላምጥ ይውጣል። ከኔ ጀምሮ ያላደረገው የለም። ከጓዳ ሲወጣ አፉን ጠርጎ "ምንም አልቀመስኩም" ይላል፤ ውሸቱንም አይደለም፣ ውሃው አላየውማ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

ገበታ ከብቦ መብላት በዚሁ ቀረ። ሁለት ሰው ከአንድ ትሪ ከበላ ውሃው የትኛው እጅ የማን እንደሆነ አይለይም። ጉርሻም ተከለከለ። ያጎረሰው ሌላ፣ የጎረሰው ሌላ፤ ለማን ይታሰብ? ሊቀ ወገብ ይህን አስቦበት እንቅልፍ አጥቶ ነበር አሉ።

አሁን ወደ ጓንጉል ልምጣ።

ጓንጉልና ሚስቱ ደብሪቱ ጎረቤቶቼ ነበሩ፤ አጥራችን አንድ ነው። ጓንጉል አናጢ ነው። ሲጋቡ ሰርጋቸውን በልቻለሁ። ከመጋዝ ሥራው ለምሳ ሲመጣ ፀጉሩ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ይዞ ነበር የሚመጣው፤ እሷ እየለቀመችለት ከአንድ ትሪ ይበሉ ነበር። ሕጉን እያወቁ፣ በራቸውን ዘግተው ማለቴ ነው። ትሪው ላይ የምትቀረውን የመጨረሻዋን ቁራሽ "አንተ ብላት"፣ "አንቺ ብያት" እያሉ ሲከራከሩ በአጥር እሰማለሁ። ብዙ ጊዜ ሳይስማሙ ዶሮ ትቀድማቸው ነበር።

አንድ ቀን ጓንጉል አቧራውን ሊታጠብ ወደ ውሃው ወረደ። ሸሚዙን አወለቀ። የአናጢ ክንድ ታውቃላችሁ፤ በመጋዝ እንጂ በሩጫ ያልመጣ ክንድ ነው። መልኩ በጉሙ መሐል ወደ ማዶ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ዳሩ በአበባ ነጣ። እንዲህ ያለ አበባ አይተን አናውቅም፤ ዳክዬዎቹ መውጫ አጡ። እሱም አበባው መሐል ቆሞ እንደ ልጅ ሳቀ፤ ደስ ያለው ሰው ደስ ይላል፣ አልተቀየምኩትም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን መጋዙን አልነካም።

ከሯጮቹ አንደኛ ሆነ፤ ከበላተኞቹም አንደኛ ሆነ። ሰው መፍቻ ሲደርስ የራሱን ክምር ትቶ የጓንጉልን ሊያይ ይመጣል። በግ ብቻውን ሲጨርስ አይቻለሁ። ያንን ሁሉ በልቶ ሲነሣ ወገቡ ያው ነው፤ ማዶ ያሉት "ይህ ሰው እንዴት ያለ ተአምር ነው" ብለው አበባውን ያወርዱታል። ተአምሩን እኔ አውቀዋለሁ። ከክምሩ ሲነሣ ከአጥሬ ኋላ ካለው ቅንጭብ ሥር ሄዶ ይንበረከክና ሁሉንም ይመልሰዋል። ደብሪቱ ግንባሩን ትይዝለታለች። ከዚያ ተነሥቶ አፉን ተጉመጥሙጦ፣ አበባውን ሊለቅም ይመለሳል።

እያደር ሰውየው መክሳት ጀመረ። ቀበቶው ሲላላ ሊቀ ወገብ ራሱ ወስፌ ይዞ መጥቶ በሕዝብ ፊት አዲስ ቀዳዳ በሳለት፤ እምቢልታ ተነፋ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ተበሳ። ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ደብሪቱ ነጠላዋን ወደ አፏ ይዛ ትቆማለች።

ቤት ውስጥ የሆነውን እሷ ነች የነገረችኝ። ሽሮ ሠርታ፣ በሩን እንደ ድሮው ዘግታ አቀረበችለት። ጎረሰና አላመጠ፤ አላመጠ፤ አልወረደለትም። ጉሮሮው እምቢ አለ።

"ማን እያየኝ ነው የምበላው?" አላት።

"እኔ እያየሁህ" አለችው።

ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ የጎረሰውን በእጁ አወጣና ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ውሃው ያላየው እህል በጓንጉል ጉሮሮ አልወርድ አለ፤ ውሃው ያየውም ሆዱ ውስጥ አልቀመጥ አለ። እንግዲህ ሰው በምን ይኑር? እሷም ይህንኑ ነው የጠየቀችኝ።

ደብሪቱ ተነሥታ ሊቀ ወገብ ዘንድ ሄደች። የሊቀ ወገብ ቤት ውሃው ላይ በግንድ የቆመ ነው፤ ወለሉ ሥር የሰው መልክ ሲያልፍ ሲያገድም ይታያል። እሱ ደግሞ ሰው ሲገባ ቀና ብሎ ፊት አያይም። የሚያውቀው ሁሉንም በወገብ ነው፤ እናቱ ብትመጣ እንኳ ቀበቶዋን አይቶ ነው የሚስማት። ደብሪቱ ባሌ እየሞተብኝ ነው፣ የሚመጣው መፍቻ ይቅርለት ብላ ለመነችው። እሱ ወገቧን አይቶ የጓንጉል ሚስት መሆኗን አወቀና መስኮቱን ከፈተላት።

ጓንጉል ውሃው ላይ ነበር። ያኔ መጀመሪያ የወረደ ዕለት እንደነበረው ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ ጉንጩ ሙሉ፣ በእጁ ግን የመፍቻውን የበግ እግር ይዞ ይስቃል። ጉሙ በላዩ ያልፋል፤ አበባ በዙሪያው ይዞራል። ደብሪቱ ለረዥም ጊዜ አየችው። እውነቱን ለመናገር ናፈቀኝ ነው ያለችኝ።

"ታዲያ የሚሞተው የትኛው ነው?" አለ ሊቀ ወገብ።

"ቤት ያለው።"

"ቤት ያለውን ማን አየው?"

"እኔ አየሁት፣ ጌታዬ።"

"አንቺ ውሃ አይደለሽም" አላት፤ በክፋት አይደለም፣ ሕጉን ሲያስረዳ ነው። ከዚያም ጓንጉል ከመፍቻ ቢቀር ምን እንደሚመጣ ዘርዝሮ ነገራት። ወደ ዳሩ ያልወረደ ሰው መልኩ ይደበዝዛል፤ ደብዝዞ ደብዝዞ ይጠፋል፤ የጠፋ ዕለት ሞቷል ተብሎ በአዋጅ ይነገራል። ቀበቶው ተመልሶ ለመንግሥት ይገባል፣ ስሙም ከሯጮች መሐል አይጠራም። ደብሪቱ ይህን ሁሉ አንገቷን ደፍታ ሰማች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ ከታወጀ በኋላ ሹም መጥቶ ይፈልገዋል ወይ አለችው። ሊቀ ወገብ ሳቀ። ሙት ማን ይፈልጋል አላት።

ስትመለስ ወደ ቤቷ አልገባችም፤ ቀጥ ብላ እኔ ዘንድ መጣች።

"አያ ታከለ፣ ጎላ ድስትዎን ያውሱኝ። ባሌ ሊሞት ነው።"

"እንዴ፣ ባሰበት?"

"የለም፣ ሊሻለው ነው" አለችኝ።

ያበደች መሰለኝ። ኋላ ስታስረዳኝ ግን ያበድነው እኛ መሆናችን ገባኝ። በዚያ አገር ሰው ተቀምጦ፣ ተሰብስቦ፣ ከአንድ ዕቃ እየዘገነ የሚበላበት ቤት አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም ለቅሶ ቤት ነው። ለቅሶ ቤትን ሊቀ ወገብ ረስቶት አይደለም። ያለቀሰ ፊት ውሃው ላይ ቢያርፍ አበባ የሚጥልለት ስለሌለ፣ ሕጉ ምን ቸገረኝ ብሎ አልፎት ነው። ሐዘንተኛ ቀበቶውን ደጅ ፈትቶ ይገባል። ንፍሮ ይዞርለታል። የለቅሶ ቤት እህል ደግሞ እምቢ አይባልም፤ ነውር ነው። ማንም የማንንም እጅ አያይም፣ ሁሉም አቀርቅሮ ይዘግናል። ደብሪቱ ያሰበችው ይህንን ነው። ባሏ ሳይታይ መብላት ካቃተው፣ ማንም ባያይም እህል እምቢ ወደማይባልበት ቤት ልታስገባው፤ ለዚያ ደግሞ መሞት ነበረበት።

ጎላውን አወጣሁላት።

መፍቻው ደረሰ። ጠዋት እምቢልታው ሲነፋ ጓንጉል ከአልጋው ተነሣ። እግሩ አይሸከመውም፤ ግድግዳ እየያዘ ወደ በሩ መጣ። ደብሪቱ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ አጥሩ ጋ ነኝ፤ ብትጠራኝ ልደርስላት። አልጠራችኝም። መጀመሪያ በፍቅር ለመናት፤ ቀጥሎ ተቆጣት፤ ቀጥሎ ማዶ ያሉት እየጠበቁኝ ነው ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ዳሩ ላይ የሯጮቹ እግር ሲረግጥ ይሰማል፤ ያ ድምፅ እስኪያልፍ ድረስ ሁለቱም ቆመው አዳመጡት።

"ደብሪቱ፣ ገደልሽኝ" አላት።

"አዎ" አለችው።

ቁጭ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ለቅሶው ድረስ አላናገራትም።

አሁን ነገሩ እሽቅድምድም ሆነ። ጓንጉል እህል አይወርድለትም፤ አጥሚት በማንኪያ ስትሰጠው ከንፈሩን ያረጥብና ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። መልኩ ደግሞ ውሃው ላይ ቀስ ብሎ ነው የሚደበዝዘው። ከሁለቱ የትኛው ይቀድም ይሆን እያልን ፈራን። እኔ በየጠዋቱ ዳር ድረስ ወርጄ አያለሁ፤ መልኩን አይቼ ለደብሪቱ እነግራታለሁ፤ እሷ ደግሞ የሰውየውን ትነግረኛለች። መጀመሪያ አበባው ቀነሰ። ማዶ ያሉት አንድ መፍቻ ጠበቁት፤ በሁለተኛው ሌላ ወጣት አገኙ፤ እሱም በግ ይጨርሳል አሉ። የጓንጉል መልክ ጉሙ ውስጥ ብቻውን ቀረ። እጁ ላይ የነበረው የበግ እግር መጀመሪያ ጠፋ፤ እጁ ባዶውን እንደያዘ ቆየ። ቀጥሎ ወገቡ ሄደ፣ ያ ስንት እምቢልታ የተነፋለት ወገብ። ሳቁ ብቻ ትንሽ ጊዜ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ነበር። ቤት ያለው ደግሞ በዚያው ሰሞን ውሃ መጠጣት ተወ። ደብሪቱ ያን ዕለት እጄን ይዛ "አያ፣ ተሳስቼ ይሆን?" አለችኝ። እኔም ፈርቻለሁ። ንፍሮውን ዘፍዝፊ አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ስወርድ ውሃው ባዶ ነበር። አዋጅ ነጋሪው ከሰዓት በፊት መጣ፤ ጓንጉል አርፏልና መንደሩ ያልቅስ፣ ቀበቶው ይመለስ አለ። ደብሪቱ ቀበቶውን ከባሏ ወገብ ፈትታ ሰጠችው። አዋጅ ነጋሪው የሟቹን ቀበቶ ሲቀበል ሟቹ አልጋው ላይ ሆኖ ምኑም ሳይገባው ያየዋል፤ ለአዋጅ ነጋሪው ግን ይህ ሥራው አይደለም፣ እግዜር ያጽናሽ ብሎ ሄደ።

ድንኳን ተተከለ። መንደሩ መጣ። ቀበቶው ደጅ ላይ ተቆለለ፤ ሰው ቀበቶውን ሲፈታ የሚያወጣውን ትንፋሽ ብትሰሙት ታዝናላችሁ። የላብ ዳኛውም መንግሥትን ወክሎ ለቅሶ ሊደርስ መጣና ፊት ለፊት ተቀመጠ። ንፍሮው ዞረ። ስንዴና ሽምብራ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። ሰው አቀርቅሮ ይዘግናል፤ ዝም ብሎ ያላምጣል። ድንኳኑ ውስጥ የሚሰማው የጥርስ ድምፅ ብቻ ነበር። የላብ ዳኛው ሁለቱን ጉንጮቹን ሞልቶ ነበር፤ ሰው በጓዳ ቆሞ የበላውና ተቀምጦ የበላው እንደማይመሳሰል ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

ያን ጊዜ ጓንጉል ከቤቱ ወጣ። ግድግዳውን ይዞ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ለቅሶው የማን እንደሆነ ሊያይ ነው የወጣው። ድንኳኑ በር ላይ ቆመ። ማላመጡ ቆመ።

"ይሄ ማነው?" አለ የላብ ዳኛው፣ አፉ እንደሞላ።

"ሟቹ ነው" አልኩት።

ዳኛው አሰበ። ሲያስብ ዐይኑ ወደ እጁ ሲሄድ አየሁት፤ እጁ ላይ ጭብጥ ሙሉ ንፍሮ አለ። ጓንጉል አልሞተም ካለ፣ ይህ ለቅሶ ቤት አይደለም። ለቅሶ ቤት ካልሆነ፣ በቀበቶ ቀን፣ ቀበቶውን ፈትቶ፣ ከሰው ጋር ከአንድ ዕቃ የዘገነው እሱ ራሱ ነው። አፉ ውስጥ ያለውንም መትፋት አለበት። ዳኛው ወደ ንፍሮው አየ፣ ወደ ጓንጉል አየ፤ ደግሞ ወደ ንፍሮው አየ። ቀስ ብሎ ዋጠ።

"እግዜር ያጽናህ" አለው ለጓንጉል።

"አሜን" አለ ጓንጉል፤ ግራ ገብቶት ነው። አጠገቤ ቦታ ለቀቅኩለትና ተቀመጠ።

ሰው እንደ ወጉ አቀረቀረ። ደብሪቱ ሰፌዱን ይዛ ትዞራለች። እሱ ጋ ስትደርስ ቆም አላለችም፣ ብላ አላለችውም፣ ፊቱንም አላየችም፤ ለሌላው ሰው እንዳደረገችው ሰፌዱን ዝቅ አደረገችለት። የለቅሶ ቤት እህል እምቢ አይባልም። ጓንጉል አንዲት የስንዴ ፍሬ አነሣ። አፉ ውስጥ ከተታት። እኔ ሕጉን አፍርሼ በጎን አየሁት፤ ጉሮሮው ከፍ ብሎ ዝቅ አለ። ደብሪቱ ጀርባዋን ሰጥታን ወደሚቀጥለው ሰው አልፋለች፤ ግን ሰማችው መሰለኝ፣ ሰፌዱ እጇ ላይ ተንጋደደ። ዞራ ስትመጣ ጥቂት ፍሬ ዘገነ። ደግሞ ዞራ ስትመጣ ጭብጥ ዘግኖ፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለ በላ። ማንም አላየውም። አበባ የጣለለት የለም። ሆዱ ያዘው።

ደብሪቱ እንደገና መጣች። ጓንጉል ሰፌዱ ላይ መዳፉን አደረገ።

"በቃኝ" አለ።

እናንተ ቤት ይህች ቃል በቀን ስንት ጊዜ ትባል ይሆናል። እኛ አገር ጠፍታ ነበር። በቀበቶ ቀን የሚባለው "አልበላም" ነው፤ በመፍቻ ቀን የሚባለው "ጨምር" ነው። በሁለቱ መሐል ሌላ ቃል መኖሩን ማን ያስታውሳል? ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀና አለ። አንዳንዱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ለራሱ ሞከራት። ደብሪቱ ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠችና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሁሉ ሰሞን፣ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ድንኳኑ በሙሉ አብሯት አለቀሰ። ዳር ላይ የነበሩ ሯጮች ሰምተው "እንዴት የተወደደ ሰው ኖሯል" ብለዋል አሉ።

ከዚያ ወዲያ በአገራችን ሞት በዛ።

መጀመሪያ የሞተችው የላብ ዳኛው ሚስት ናት። ከሁለት መፍቻ ቀርታ ታወጀባት፤ ለቅሶዋ ላይ ራሷ ንፍሮ አዞረች። ዳኛው ጥቂት ተከዘ፤ ከዚያ ተከተላት። ገበያ አገኘሁት፤ ነፍሱን ይማረው፣ ሽንኩርት ሲመርጥ ነበር። ጓንጉል ወደ መጋዙ ተመልሷል፤ ሟቾች በርጩማ ያሠሩታል፣ ተቀምጠው መብላት ጀምረዋልና። ሁሉም ሞተ ግን አልላችሁም። ዛሬም ጠዋት በጉሙ ውስጥ ዳር ዳሩን የሚሮጥ አለ፤ ሊቀ ወገብም ወስፌውን ይዞ ወገብ ይጠብቃል፤ ማዶ ያሉትም እንደተቀመጡ ናቸው። ሊቀ ወገብ፣ አገሩ እየሞተ ለምን እህል እንደሚፈጅ አልገባኝም እያለ ይገረማል አሉ።

እኔ የሞትኩት ሰኔ ላይ ነው። መልኬ ድሮም ብዙ ስላልነበረ ቶሎ ጠፋ። ድንኳኑን ጓንጉል ተከለው፤ ንፍሮውን ደብሪቱ ቀቀለችው። ቀመስኩና ጨው አንሶታል አልኳት።

"አያ ታከለ፣ ሟች አይናገርም" አለችኝና ጨው ልታመጣ ተነሣች።